መሥራቹ እንግዳ ነበር

ጋምቤላ ከተማ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት ወረፋ ይዤ ሳለሁ ያየሁትን ላስቀድም። ከፊቴ የቆመው ወጣት ቅጽ ይሞላል። ስሙን፣ የአባቱን ስም፣ የአያቱን ስም ጻፈ። «ብሔር» የሚለው ላይ ሲደርስ እስክሪብቶው ቆመ። እናቱ አኝዋክ ናት፤ አባቱ ኑዌር። እናትየው አጠገቡ ቆማለች፤ ምንም አላለችም። ጸሐፊዋ በመስኮቱ በኩል «የአባትህን ጻፍ እንጂ!» አለችው። ጻፈ፤ ማኅተም ተመታለት፤ ወረፋው ቀጠለ። እናትየው ግን ልጇ የጻፈውን ቃል ቆም ብላ አየችው። ዘጠኝ ወር ያረገዘችው፣ በራሷ ቋንቋ እሹሩሩ እያለች ያሳደገችው ልጅ በአንዲት መስመር ከወገኗ ሲወጣ እያየች ነበር።

ያቺ መስመር ብቻዋን የቆመች አይደለችም። ከጀርባዋ ከሻይ ቤት እስከ ስብሰባ አዳራሽ የሚደመጥ አንድ አስተሳሰብ አለ። ሕዝብ ማለት ከአንድ መሥራች አባት የወረደ ዘር ነው፤ ሐረጉ በአባት በኩል ሳይበጠስ ይቆጠራል፤ አጥንቱን የቆጠረ የመሬቱም የሥልጣኑም ባለቤት ነው፤ ያልቆጠረ እንግዳ ነው ይላል። አኝዋኩ የንጉሣውያኑን ሐረግ አንስቶ «የባሮ ወንዝ ከጥንት የአባቶቼ ነው» ይላል። ኑዌሩ ጂካኝ የተባሉትን ወገኖቹን እየመራ ወደ ምሥራቅ ያሻገራቸውን ላትጆርን ጠርቶ «አባቴ ያቀናው ምድር ነው» ይላል። ከደጋ የመጣው ወገን፣ የእኔም ቤተሰብ ከዚያ ነው፣ «ይህን ጠረፍ ያስከበሩት አባቶቻችን ናቸው» ይላል። ሦስቱ በብዙ ነገር ይጣላሉ። የመብት ምንጭ አጥንት ነው በሚለው ላይ ግን ልዩነት የላቸውም። «ዘር ከልጓም ይስባል» የሚለው አባባል ሦስቱንም ቤት ያስማማል።

እኔ ይህ አስተሳሰብ ስህተት ነው እላለሁ። ይህን ለማለት ከሩቅ አገር ትምህርት መዋስ አያስፈልገኝም። ስማቸውን የምንጠራቸው መሥራች አባቶች ራሳቸው ይመሰክሩብናል።

ከአኝዋክ ልጀምር። የአኝዋክ ንጉሥ ኜያ ይባላል። የኜያዎች ሐረግ ወደ ኋላ ሲቆጠር ኦቹዶ ዘንድ ይደርሳል። ኦቹዶስ የማን ልጅ ነው? ትረካው ሰው የሆነ አባት አይሰጠውም፤ ኦቹዶ ከወንዝ የወጣ ነው። በዚያን ዘመን ቹዋይ የሚባል የመንደር አለቃ ነበር ይላሉ። ሰዎች በወንዙ ዳር በያዙት ዓሣ ተጣሉ። ከውኃው የወጣው እንግዳ ጠባቸውን ዳኘላቸው። ሰዎቹም ይዘው ወደ ቹዋይ መንደር ወሰዱት፤ ከቹዋይ ልጅም ወለደ። ከዚያ ልጅ የንጉሣውያኑ ዘር ቀጠለ። የሹመት ምልክት የሆነው ኦቹኦክ የተባለው የጨሌ ሐብልም ከዚያው ከወንዝ እንደመጣ ይነገራል። እንግሊዛዊው የሰው ልጅ ባህል አጥኚ ኢቫንስ ፕሪቻርድ ስለ አኝዋክ የፖለቲካ ሥርዓት የጻፈውን እ.ኤ.አ. በ1940 ሲያሳትም ይህን የአመጣጥ ትረካ መዝግቦታል፤ ከእርሱ በኋላ ሌላው አጥኚ ጎድፍሬይ ሊንሃርትም ተመልሶበታል።

ትረካው የሚለውን እንስማ። መሥራቹ ለመንደሩ ባዕድ ነው፤ አገሩም አባቱም አይታወቅም። ቀድሞ በቦታው የነበረው ቹዋይ ነው፤ ባለመንደሩ እርሱ ነው። ኦቹዶን ያገር ሰው ያደረገችው የቹዋይ ልጅ ናት። ከሁሉ በላይ ደግሞ እንግዳው የታወቀው በዘሩ አይደለም፤ በዳኝነቱ ነው። አንድ ንጉሣዊ ቤት የተመሠረተው «አባትህ ማነው?» ለሚል ጥያቄ በተሰጠ መልስ ላይ አይደለም፤ የተጣሉ ሰዎችን ባስታረቀ ፍርድ ላይ ነው። በዚህ መሥራች ስም ተነሥቶ ጎረቤቱን «መጤ» የሚል ሰው ከራሱ አባት ታሪክ ጋር ተጣልቷል።

ይህ የአኝዋክ ብቻ ቢሆን ኖሮ አንድ ያልተለመደ ተረት ነው ተብሎ ይታለፍ ነበር። ነገር ግን የአኝዋክ ዘመዶች የሆኑት ሽሉኮችም መሥራቻቸው ኒካንግ በወንድሞች ጠብ ከአባቱ አገር የተሰደደ ሰው ነው። እናቱ ኒያካያ ከወንዝ የመጣች፣ ከአዞ ጋር የምትዛመድ ፍጥረት ናት። እንዲያውም በሽሉኮች ትረካ ጊሎ የኒካንግ ወንድም ነው፤ ተለይቶ ሄዶ የአኝዋክ አባት ሆነ ይላሉ። በአኝዋክ ንጉሣውያን ሐረግ ግን ጊሎ የሚገኘው ከወንዝ ከወጣው ከኦቹዶ ሥር ነው። አንድ ስም፣ ሁለት አባት። ዛሬ ፍርድ ቤት ቀርበው ሁለቱ ወገኖች ቢከራከሩ ዳኛው የትኛውን ማስረጃ ይቀበላል? ሁለቱም ለየሕዝባቸው እውነት የሆኑት የልደት መዝገብ ስለሆኑ አይደለም፤ የዝምድና ቃል ኪዳን ስለሆኑ ነው።

ኑዌርም ዘንድ ሄደን እንይ። በኢትዮጵያ የሚኖሩት ኑዌሮች አብዛኞቹ የምሥራቅ ጂካኝ ናቸው። የጂካኝ መሥራች አባት ኪር ይባላል። ኪር የተገኘው ወንዝ ላይ በሚንሳፈፍ ቅል ውስጥ ነው፤ ያገኙት ዲንካዎች ናቸው፤ በኋላ ወደ ኑዌር መጥቶ ከኑዌር ጋር ተዛመደ። በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ላትጆር ከናይል ማዶ እየመራ ያመጣቸው ሰዎች መነሻ ይህ ነው፤ ከወንዝ የተነሣ፣ በባዕድ እጅ ያደገ፣ በሌላ ቤት የተቀበሉት እንግዳ። አኝዋክና ኑዌር ለዘመናት በግጦሽና በወንዝ ዳር ሲዋጉ ኖረዋል። መሥራቾቻቸው ግን አንድ ዓይነት ልደት አላቸው፤ ሁለቱም ከውኃ የወጡ፣ ሁለቱም ሰው የተቀበላቸው ናቸው።

ኢቫንስ ፕሪቻርድ በዚያው በ1940 ስለ ኑዌር ባሳተመው መጽሐፍ ሌላም ነገር አሳይቷል። በአብዛኛው የኑዌር ነገድ ውስጥ ቢያንስ ግማሹ ሰው የዲንካ ዘር ሳይኖርበት እንደማይቀር ገምቷል። የነገዱ ነባር ባላባት «ዲየል» ይባላል፤ ከሌላ ቦታ የመጣው ኑዌር «ሩል»፤ የዲንካ ተወላጁ «ጃንግ»። የጃንግ ልጅ ግን በጉዲፈቻ የነባሩ ሐረግ ላይ ይቀጠላል፤ ከትውልዶች በኋላ ሲቆጠር የኑዌር አያት ልጅ ሆኖ ይገኛል። ደግሞም ኑዌር የሚቆጥረው የትውልድ ብዛት በየዘመኑ ሲጨምር አይታይም፤ ወደ አሥርና አሥራ ሁለት ትውልድ አካባቢ ይቆማል። ከላይ መሥራቹ ይቀራል፣ ከታች የቅርብ አያቶች ይቀራሉ፣ መሐል ያሉት እየተረሱ ይወድቃሉ። ታዲያ በየትውልዱ ስም እየጣለና አዲስ ሰው እየቀጠለ የሚሄድ ቆጠራ እንዴት የመሬት ካርታ ሊሆን ይችላል?

በናይጄሪያ በቲቭ ሕዝብ ዘንድ የሆነው ይህን ያጠናክራል። የእንግሊዝ ሹማምንት የቲቮችን ሐረግ ለፍርድ ቤት ክርክር እንዲያገለግል በጽሑፍ አሰፈሩት። ከአርባ ዓመት ገደማ በኋላ ቲቮች ያንን መዝገብ ሲያዩ «ይህ ስህተት ነው» አሉ። ዋሽተው አልነበረም። በመሐል ሰዎች ተዛውረዋል፣ ተጋብተዋል፣ ተጣልተዋል፣ ታርቀዋል፤ ሐረጉም አብሮ ተዛውሯል። የሐረግ ቆጠራ ሕያው የሆነው ሰው በቃል እያሰበ እንደ ኑሮው ስለሚያድሰው ነው። ወረቀት ላይ አስረን የመንግሥት በጀትና ወንበር ማከፋፈያ ስናደርገው ሕይወቱን እንወስዳለን፤ በምትኩ የጠብ ሰነድ እናገኛለን።

«ቢያንስ በንጉሣውያን ዘንድ ደም ወሳኝ ነበር» የሚል ይኖራል። ሥርዓቱን ጠጋ ብሎ ማየት ይበቃል። በአኝዋክ ኜያ ለመሆን የንጉሣውያን ዘር መሆን ያስፈልጋል፤ ግን አይበቃም። ኦቹኦክን አጥልቆ ያልተሾመ ሰው ልጆቹ ለሹመት አይበቁም፤ ከዚያ በኋላ ዘሩ ከተራው ሕዝብ ይቀላቀላል። ስለዚህ አንዳንዱ መስፍን ሐብሉን ለአጭር ጊዜ ብቻ አንገቱ ላይ አጥልቆ ይመልሰው ነበር፤ ይህን የሚያደርገው ልጆቹ ከሐረጉ እንዳይወጡ ነው። ይህ ትልቅ ነገር ይነግረናል። ደሙ ሳይለወጥ፣ አባቱም ያው አባት ሆኖ ሳለ፣ ሐብሉን ሕዝብ ፊት ባለማጥለቁ ብቻ ዘሩ ተራ ሰው ይሆናል። መስፍንነትን የሚያቆየው አጥንቱ ብቻ ሳይሆን ሹመቱ ነው።

የመንደር አለቃው ኳሮም ቢሆን እንዲሁ ነው። ኳሮው ሰውን ያበላ፣ ያጠጣ፣ ይዳኝ ነበር። እጁ ሲያጥር ወይም ልቡ ሲደነድን ሕዝቡ «አጌም» የተባለ አመፅ ያነሣበት ነበር፤ ከመንደር ያስወጣውና ሌላውን ከቤተሰቡ ያነግሥ ነበር። የተባረረው አለቃ መጠጊያው የእናቱ ወንድሞች መንደር ነበር። የንጉሣውያኑ ልጆችም የሚያድጉት በእናታቸው ወገን ዘንድ ነበር። ዛሬ ቅጹ ላይ ቦታ ያጣችው እናት፣ በአኝዋክ ሥርዓት ውስጥ የመሪው ማሳደጊያም መሸሸጊያም ነበረች።

እ.ኤ.አ. በ1912 አክዌይ ዎ ቻም የተባለው ኜያ በአዶንጋ በእንግሊዝ መኮንኖች የሚመራ ጦር ገጥሞ ከባድ ጉዳት አድርሶበታል። አክዌይን ታላቅ ያደረገው ሐረጉ ነው እንዳይባል ተመሳሳይ ሐረግ ያላቸው ብዙ መሳፍንት ነበሩ። እርሱን የለየው በዝሆን ጥርስ ንግድ ከኢትዮጵያ ደጋ ያገኘው ጠመንጃና በዙሪያው ያሰባሰበው ሰው ነው።

ደገኞች ይህን ስናነብ «የእነርሱ ነገር» ብለን እንዳናልፈው እለምናለሁ። የራሳችን ቤት ከዚህ የተለየ አይደለም። አለን ሆበን የተባለ አሜሪካዊ አጥኚ ጎጃም ደጋ ዳሞት ውስጥ የርስትን ነገር አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1973 መጽሐፍ አሳትሟል። ርስተኛው መሬት የሚጠይቀው በ«ዋና አባት» ስም ነበር፤ በመጀመሪያ መሬቱን በያዘው ሰው። ቆጠራው ግን በአባትም በእናትም ስለሚሄድ አንድ ሰው ብዙ ዋና አባቶች ነበሩት፤ ለሁሉም ርስተኛ ሊሆን ይችል ነበር፤ በሁሉም ላይ ግን መሬት አያገኝም ነበር። መሬቱን የሚያገኘው ጉልበት ያለው፣ አፉ የተሳለ፣ ዘመድ የሚቆምለትና በክርክር የሚረታ ነበር። አያቶቻችን በየችሎቱ ዕድሜያቸውን የፈጁት ሐረግ ግልጽ ስለሆነ አይደለም፤ ሐረግ ለሁሉም በር ስለሚከፍት ነው።

የሰሎሞናዊው ሥርወ መንግሥትስ? በክብረ ነገሥት ትረካ መሥራቹ ቀዳማዊ ምኒልክ አባቱ ባዕድ ነው፤ ሰሎሞን የእስራኤል ንጉሥ ነው። አገሩን የሰጠችው እናቱ ንግሥተ ሳባ ናት። በእናቱ ቤት ተወልዶ አደገ፤ አባቱን ያወቀው ኢየሩሳሌም ሄዶ ነው። እነሆ ሌላ መሥራች፦ አባቱ ሩቅ፣ አገሩ የእናቱ። የኋላ ነገሥታት በኢየሩሳሌም ደም ኩራት የሳባን እጅ ቢያሳንሱትም ታሪኩ ያለ እርሷ አይቆምም። አፄ ቴዎድሮስን ጠላቶቻቸው «የኮሶ ሻጭ ልጅ» እያሉ በእናታቸው ሊያሳንሷቸው ሞከሩ፤ ታሪክ የሚያነሣቸው ግን በሠሩት ነው። የዳግማዊ ምኒልክ እናት ወይዘሮ እጅጋየሁም በሸዋ ቤተ መንግሥት በአገልጋይነት የነበሩ ሴት ናቸው። አፄ ኃይለ ሥላሴ ከንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የሚወለዱት በአባታቸው እናት በኩል ነው። በ1948ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 2 ዙፋኑ ለዚህ ዘር እንደሚቆይ፣ ሐረጉም ከቀዳማዊ ምኒልክ ጀምሮ ሳይቋረጥ እንደሚወርድ በሕግ ደነገገ። መስከረም 2 ቀን 1967 ግን ያ ሐረግ ንጉሡን አላዳናቸውም። ሐረግ በሕገ መንግሥት ቢጻፍም የሕዝብን ፈቃድ አይተካም።

አሁን ከባዱን ተቃውሞ ልቀበል። አንድ የአኝዋክ ወንድሜ እንዲህ ይለኛል። «ሐረግ የምቆጥረው ወድጄ ነው? ኑዌር ወደ ምሥራቅ ሲገፋ መንደሮቼን አጣሁ። በሰባዎቹ ድርቅ ጊዜ ከደጋ ሰፋሪ ተጭኖ መጣ። ቀጥሎ ሰፋፊ እርሻዎች መጡ። በ1999 የሕዝብ ቆጠራ የክልሉ ሕዝብ 307,096 ሲሆን ኑዌር ከመቶ 46 በላይ፣ እኛ 21 ገደማ ነን። ታኅሣሥ 3 ቀን 1996 በዚህችው ከተማ በአኝዋክነታቸው ብቻ የተገደሉትን በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ረሳህ? ሐረጌ የቀረችኝ ጋሻ ናት።» ይህ ሰው የሚለው እውነት ነው። ያን ቀን ማንም ሊረሳው አይገባም። ነገር ግን ጥያቄዬ ይህ ነው፤ ያ ጋሻ አዳነው? ያን ቀን ሰዎችን ከሰዎች ለይቶ ለሞት ያበቃው ራሱ የዘር ቆጠራ ነው። በአጥንት መብት የሚጠየቅበት አገር አጥንትህን አይተው ይገድሉሃል። የዘር ቆጠራ አንዱ እጁ ሲሰጥ ሌላው እጁ የሚነጥቅ ዳኛ ነው።

የኑዌር ወንድሜም ይላል፦ «እኔን ዛሬም የሱዳን ሰው ይሉኛል፤ ላትጆርን ካልጠራሁ መታወቂያ አይሰጡኝም።» የእርሱም ሕመም እውነት ነው። ግን ላትጆር ድንበር ሳይሰመር የሞተ ሰው ነው፤ ዜግነት ሊመሰክር አይችልም። የኑዌር ወንድሜን የሚያስከብረው እዚህ መወለዱ፣ እዚህ መኖሩና ሕጉ ነው።

የፌዴራሉ ሕገ መንግሥት ራሱ ሌላ መንገድ ከፍቷል። አንቀጽ 32 ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በአገሩ ውስጥ በነፃ የመዘዋወርና መኖሪያውን የመምረጥ መብት ይሰጠዋል። አንቀጽ 40 ለገበሬው ከመሬቱ ያለመነቀል፣ ለአርብቶ አደሩም ከመሬቱ ያለመፈናቀል መብት ይሰጣል። መብቱ የተሰጠው ለሚያርስና ለሚያረባ ነው። የአኝዋክ ገበሬ በጊሎ ወንዝ ዳር ያለው የበቆሎ ማሳ የሚጠበቀው ኦቹዶ ስላወረሰው አይደለም፤ እርሱ ስለሚያርሰው ነው። ይህ መብት ከማንም በላይ ለነባሩ ይጠቅማል፤ መንደሩ በመንገድ ወይም በእርሻ ስም ሲነሣ የሚከራከርበትን ሕግ ይሰጠዋል። ሐረግ ግን ከጎረቤት ጋር ያጣላዋል እንጂ ከመንግሥት ጋር ሲከራከር አይረዳውም።

ከተማዋ ራሷ ትመስክር። ግንቦት 7 ቀን 1894 አፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት የወሰን ውል ባሮ ላይ ከ400 ሄክታር ያልበለጠ፣ የወንዝ ዳር ስፋቱ ከ2,000 ሜትር ያልበለጠ የንግድ ጣቢያ ተፈቀደ። በክረምት ወንዙ ሲሞላ መርከቦች ከካርቱም እየመጡ ቡና ጭነው ይመለሱ ነበር። ጣቢያው ሱዳን ነፃ እስከወጣችበት እ.ኤ.አ. እስከ 1956 ቆየ። በዚያ ወደብ አኝዋክ፣ ኑዌር፣ ደገኛ፣ ዐረብ፣ ግሪክ ተገናኝቷል። ዛሬ የኦሚኒንጋን ሰፈር ልጅና የኒውላንድን ሰፈር ልጅ ባሮ ድልድይ ላይ ብታስቆማቸው ሁለቱም የዚህች ከተማ ልጆች ናቸው። የጋምቤላ ከተማ መሥራች አባት የላትም። ከወንዝ ወጥታ የተቀበለችውን ሁሉ ያሳደገች ከተማ ናት።

ሐረግ ይጥፋ አላልኩም። ሐረግ ሥራ አለው፤ ሥራውም ክቡር ነው። ወጣት ከዘመዱ ጋር እንዳይጋባ ይጠብቃል። ሟች ሲኖር ማን እንደሚያለቅስ ይናገራል። ጥል ሲኖር የትኛው አጎት አስታራቂ እንደሚሆን ያሳያል። ሽማግሌ ምርቃቱን ሲጀምር የቀደሙትን ስም ይጠራል። ይህን ሁሉ ይሥራ። ወንበር ማከፋፈል፣ መሬት መንጠቅ፣ መታወቂያ መከልከል ግን ሥራው አይደለም፤ መሥራቾቹም ለዚህ አላወረሱትም።

ስለዚህ ለሽማግሌዎችና ለመምህራን አንድ ልመና አለኝ። መሥራቹን ስትተርኩ ሙሉውን ተርኩ። ኦቹዶን ስትጠሩ ከወንዝ የመጣ እንግዳ እንደነበር ንገሯቸው። ቹዋይን ጥሩ፤ በሩን የከፈተው እርሱ ነው። የቹዋይን ልጅ ጥሩ፤ ያለ እርሷ ንጉሣዊ ቤት የለም። ኪርን ስትጠሩ ቅሉን ከውኃ ላይ ያነሡትን እጆች አንሡ። በየመሥሪያ ቤቱ ቅጽ የምታዘጋጁም «ብሔር» የሚለውን መስመር ከማተማችሁ በፊት ከልጇ ጎን የቆመችውን ያችን እናት አስቧት። የአኝዋክ ንጉሣዊ ቤት የጀመረው እንደ እርሷ ባለች ሴት ነው።